እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ማን ታቅፎት ነው?

 

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከእሑድ አምልኮ በኋላ አንዲት ወጣት እናት ቀስ ብላ ወደ እኔ ቀረበች። ሁልጊዜ የምትቀመጠው በመጨረሻው አግዳሚ፣ በሩ አጠገብ ነበር። ልጇን በነጠላ ሸፍና ታቅፋዋለች። ባለቤቷ ራቅ ብሎ መሬት መሬት እያየ ቆሟል። ነጠላውን ገለጥ ስታደርገው ሕፃኑ ፈገግ አለልኝ። የሃያ ወር ልጅ ነው፤ ዓይኖቹ ብሩህ ናቸው። ነገር ግን የቀኝ እጁ እንደ ተጨበጠ ነው፤ ሊያቆሙት ሲሞክሩም የቀኝ እግሩ ተረከዝ መሬት አይነካም።

“ሰው ሁሉ ‘አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል’ ይለኛል” አለችኝ። “አማቴም ‘አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው’ ይሉኛል። እኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።”

ባለቤቷ ያን ጊዜ ቀና ብሎ፣ “በእርግዝናዋ ጊዜ ከባድ ነገር አታንሺ ብያት ነበር” አለ። እርሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በዚያ ቤት ውስጥ እርዳታ የሚፈልገው የሕፃኑ እግር ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ይህን ጊዜ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁላችንም ለማጽናናት እንጠቀምበታለን። ነገር ግን አንድ ነገር እንረሳለን። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ቀን ስለ ተቆጠረለት ብቻ አይደለም፤ ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ያህል ታቅፋው ነው። ያልታቀፉት እንቁላል ዓመት ቢቀመጥ በእግሩ አይሄድም። ዛሬ የምንነጋገረውም አንጎላቸው በተለየ መንገድ ስለሚያድግ ልጆች፣ በተለይም ስለ እንቅስቃሴያቸው ነው። እጅን አጣጥፎ መጠበቅና ታቅፎ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚለያዩ አብረን እንይ።

አንጎል እንቅስቃሴን እንዴት ይማራል?

አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጎል መጠኑ የአዋቂ ሰው አንጎል ሩብ ያህል ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። በእነዚህ ዓመታት የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርዱት የነርቭ መስመሮችም ማይሊን በሚባል ቅባትነት ባለው ሽፋን ይለበጣሉ። የተለበጠ ነርቭ መልእክቱን በፍጥነት ያደርሳል። በራስ ቅላችን የኋላ ሥር ደግሞ ሴሬቤለም የሚባል ትንሽ አንጎል አለ። ክብደቱ ከጠቅላላው አንጎል አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆንም ከነርቭ ሴሎቻችን 80 በመቶ ያህሉ የሚገኙት በእርሱ ውስጥ ነው። ሚዛን የምንጠብቀው፣ እጃችንንም ወደ አፋችን ሳንስት የምናደርሰው በእርሱ እርዳታ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በራሱ ጊዜ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ልምምድ ይፈልጋል። በአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ12 እስከ 19 ወር የሆናቸው ሕፃናት ሲጫወቱ እርምጃቸውን ቆጥረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። ሕፃናቱ በአማካይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 2,368 እርምጃ ይራመዳሉ፤ 17 ጊዜም ይወድቃሉ! እኛ “አንድ ቀን ድንገት ተነሥቶ ሄደ” እንላለን እንጂ፣ ልጁ ግን ሲወድቅና ሲነሣ ከርሟል።

እንግዲህ አስቡት። ሰውነቱ የማይታዘዝለት ልጅ ይህን ሁሉ ልምምድ ያጣል። እኛ ደግሞ ስለምናዝንለት ቀኑን ሙሉ እንታቀፈዋለን፤ ወይም ከሰው ዓይን ለመሰወር በጓዳ አልጋ ላይ እናስተኛዋለን። ችግሩ ከአንጎል ይጀምራል፤ የልምምድ ማጣት ደግሞ ያባብሰዋል። ጉዳቱ በእግር ብቻ አይቀርም። እየዳኸ የድስቱን ክዳን የሚያንኳኳ፣ ዞር ብሎም እናቱ ማየቷን የሚያረጋግጥ ሕፃን በዚያው ቃላትንም የሰውን ፊት ማንበብንም እየተማረ ነው።

ስማቸው የተለያየ ነው

ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚሄድን ልጅ ሁሉ በአንድ ስም ይጠራዋል። ሆኖም ምክንያቶቹ ይለያያሉ።

ሴሬብራል ፓልሲ ከመወለድ በፊት፣ በምጥ ጊዜ ወይም ከተወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት በማደግ ላይ ባለው አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ጊዜ የኦክስጅን እጥረት፣ የማጅራት ገትር፣ እንዲሁም ሕክምና ሳያገኝ የከፋ የአራስ ሕፃን ቢጫነት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። አንዳንዱ ልጅ ግትር ይሆናል፤ ሌላው ልል ነው፤ የሌላው እጅና እግር ደግሞ ሳይፈልግ ይንቀሳቀሳል። የአንጎሉ ጉዳት እየጨመረ አይሄድም፤ ጡንቻና መገጣጠሚያው ግን ክትትል ካላገኘ እያጠረና እየደረቀ ይሄዳል። አፉ ቃል ማውጣት ስላቃተው ብቻ “አይገባውም” አትበሉ። መናገር አቅቷቸው የሚባለውን ሁሉ የሚሰሙና የሚረዱ ብዙ ልጆች አሉ።

ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች 21ኛው ክሮሞሶም አንድ ተጨማሪ ይዘው ይወለዳሉ። ጡንቻቸው ልል፣ መገጣጠሚያቸውም የላላ ስለሆነ ብዙዎቹ የሚሄዱት በሁለት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ ነው።

ኦቲዝምን የምናውቀው በንግግርና ከሰው ጋር በመግባባት ችግር ነው። ነገር ግን እጅና እግርንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ከ11,000 በላይ ልጆች ወላጆች መጠይቅ ሞልተው ነበር። ከ100 ልጆች 87 ያህሉ እንቅስቃሴን የማቀናጀት ችግር ምልክት ታይቶባቸዋል። ኳስ መያዝ፣ ደረጃ መውረድ፣ ማንኪያ ማቅናት ይከብዳቸዋል።

ከእነዚህ ሌላ፣ ምንም ዓይነት የሚታይ ጉዳት ሳይኖርባቸው እጅና እግራቸውን ማቀናጀት የሚቸግራቸው ልጆች አሉ። ለትምህርት ከደረሱ 100 ልጆች መካከል 5 ወይም 6 ያህሉ እንዲህ ናቸው። ብርጭቆ ይጥላሉ፤ ቁልፍ መቆለፍና የጫማ ማሰሪያ ማሰር አይሆንላቸውም፤ ጽሕፈታቸውም አይነበብም። በየቤቱ “ዝርክርክ” እየተባሉ የሚቆነጠጡት፣ በትምህርት ቤትም “ሰነፍ” የሚባሉት አንዳንዶቹ እነዚህ ናቸው። ወላጆች ሆይ፣ ልጁን ከመቅጣታችሁ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ አስተውላችሁ ተመልከቱት።

መጠበቅ የሚበቃው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የእንቅስቃሴ ደረጃዎችን አውጥቷል። በዚህ መሠረት ሕፃናት ያለ ድጋፍ መቀመጥ የሚጀምሩት ከ4 እስከ 9 ወር ገደማ ነው። ብቻቸውን የሚሄዱት ደግሞ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን ልብ በሉ! ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ሄደ ተብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ከ100 ሕፃናት 4 ያህሉ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ይሄዳሉ፤ ይህም ብቻውን ችግር አይደለም። ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ደግሞ ወሩ የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው።

የሚከተሉትን ካያችሁ ግን “ይደርሳል” ብላችሁ አትቀመጡ፦

1. በ4 ወሩ አንገቱ ካልጠና፤
2. በ9 ወሩ ሳይደገፍ ካልተቀመጠ፤
3. በ18 ወሩ ብቻውን ካልሄደ፤
4. ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ። በዚህ ዕድሜ “ግራኝ ነው” ወይም “ቀኝ ነው” ማለት አይቻልም፤ የሌላው እጅ መድከም ሊሆን ይችላል፤
5. ሰውነቱ ከመጠን በላይ ግትር ወይም ልል ከሆነ፣ እግሮቹም እንደ መቀስ የሚጠላለፉ ከሆነ፤
6. በማንኛውም ዕድሜ ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ። ይህ ሲሆን አንድ ሳምንት እንኳ አትጠብቁ።

በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሕፃናት ሐኪም ሂዱ። ጆሮውና ዓይኑም እንዲታዩለት ጠይቁ። የበሽታው ስም እስኪታወቅ ድረስ ፊዚዮቴራፒ መጠበቅ የለበትም፤ ስሙ ሳይታወቅም ሥራው ይጀመራል። “ሦስት ዓመት ይሙላውና እንያለን” የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ይህን ያህል የሚያስቸኩለን ምክንያት አለ። በካናዳ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ልጆቹ ከሚደርሱበት የእንቅስቃሴ ችሎታ 90 በመቶ ያህሉን የሚይዙት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ጉዳታቸው የከፋው ደግሞ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በጓዳ ያለፉት ዓመታት እጅግ ውድ ዓመታት ናቸው።

ታቅፎ መጠበቅ ምን ይመስላል?

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ላጫውታችሁ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሕፃናት ወላጆች ትንሽ የመራመጃ ማሽን በየቤታቸው ተሰጣቸው። ሕፃኑን በብብቱ ይዘው በሚንቀሳቀሰው ሰሌዳ ላይ ያቆሙታል፤ እግሮቹም ይራመዳሉ። በቀን ስምንት ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። እነዚህ ሕፃናት ማሽኑን ካላገኙት 101 ቀን ያህል ቀድመው ብቻቸውን ሄዱ። ከዚህ የምንማረው ማሽን እንድንገዛ አይደለም። በየቀኑ የምትደረግ ጥቂት ልምምድ፣ በእናትና በአባት እጅ፣ በገዛ ቤት ውስጥ፣ ለውጥ እንደምታመጣ ነው።

በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምክር በየቤታችን ልናደርጋቸው የምንችላቸው ነገሮች እነሆ፦

ወለል ላይ አውሉት። ንጹሕ ምንጣፍ አንጥፉና ነቅቶ ሳለ በሆዱ አስተኙት። የሚወደውን ነገር እጁ ሊደርስበት ትንሽ ከሚቀረው ቦታ አስቀምጡለት።

ስታዝሉት እግሮቹ ይከፈቱ። እግሮቹ ለሚጠላለፉ ልጅ የእናቶቻችን ማዘል ጥሩ ነው፤ እግሮቹ የእናቱን ወገብ ግራና ቀኝ ያቅፋሉና።

አስተኝታችሁ አትመግቡ። በጀርባው አስተኝቶ በእጅ እያፈሰሱ ማጠጣት ምግቡን ወደ ሳንባ ይመራዋል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አንገቱን ወደ ኋላ አታዘንብሉት፤ ጊዜም ስጡት።

ደካማውን እጅ ሥራ ስጡት። በጨዋታ ሰዓት ብርቱውን እጅ ለጥቂት ጊዜ በካልሲ ሸፍኖ ደካማው እንዲሠራ ማድረግ የታወቀ የሕክምና ዘዴ ነው። ስንት ደቂቃ እንደሚሆን ባለሙያው ይንገራችሁ።

ከቤተሰቡ ገበታ አታርቁት። እግሩ ወለል የሚነካበት፣ ጎኑን የሚደግፍ ወንበር አሠሩለት። ድንች ከቅርጫት ማውጣት፣ ባቄላ መፈልፈል፣ እጁን መታጠብ ሁሉም ልምምድ ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ሥራውን ከፋፍሉለት። ሸሚዙን ስታለብሱት ሌላውን ቆልፋችሁ የመጨረሻውን ቁልፍ ለእርሱ ተዉለት፤ የመጨረስን ደስታ ይቀምሳል።

በኃይል አታቅኑት። የደረቀን እግር መጎተት ወይም እንዲያቃናው ወደ ወጌሻ መውሰድ ስብራት ሊያስከትል ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደነዚህ ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል። የሥልጠናው መሠረት የዕለት ተዕለት ጨዋታና የቤት ውስጥ ሥራ ነው። በቤታችሁ ያለው ነገር ብዙ ነውና አትናቁት።

ስለ ጸሎት፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ጥፋተኝነት

ብዙ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች፣ ኦቲዝም ካለባቸውም የተወሰኑት፣ የሚጥል በሽታ ይኖርባቸዋል። ይህ በአንጎል ውስጥ በሚፈጠር ያልተለመደ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚመጣ ሕመም እንጂ ርኩስ መንፈስ አይደለም። በጉባኤ መካከል ልጁ ሲንቀጠቀጥ አትጩኹበት፤ በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም ነገር አታስገቡ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈው በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ተጸልዮለታል ብላችሁ መድኃኒቱን በድንገት አታቋርጡ። ድንገተኛ ማቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ አስከትሎ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እንጸልይ፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ እንስጥ። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ አይጣሉም።

ስለ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁትን ጥያቄ ታስታውሳላችሁ። ጌታ የበደለኛ ፍለጋውን አልተቀበለም። እኛ ግን ዛሬም በየቤታችን ያንኑ ጥያቄ እንጠይቃለን። “የአንተ ዘር ነው”፣ “ያንቺ ጥንቃቄ ማነስ ነው” እንባባላለን። ኦቲዝም በእናት አስተዳደግ አይመጣም። ዳውን ሲንድረምም በማንም ኃጢአት አይመጣም። ጥፋተኛ ሲፈለግ የሚያልፈው ሰዓት ከልጁ የልምምድ ሰዓት ላይ የተወሰደ ነው።

ለባልና ሚስት፣ ለቤተ ክርስቲያንም

አባቶች ሆይ፣ ወጪውን መሸፈን ብቻ አይበቃም። ፊዚዮቴራፒው እንዴት እንደሚሠራ ሄዳችሁ ተማሩ፤ የማታውን ልምምድ እናንተ ያዙ። እናቶች ሆይ፣ “እርሱ አይችልበትም” ብላችሁ ልጁን ከአባቱ እጅ አትንጠቁ። በሳምንት አንድ ምሽት ስለ ሕክምና ሳታነሡ ሁለታችሁ ብቻ ተጫወቱ። ለእኅትና ለወንድሞቹም ጊዜ ስጡ፤ በዝምታ የሚጎዱት እነርሱ ናቸውና።

ምዕመናንም ድርሻ አለን። የቤት ኅብረታችን ለዚያች እናት በሳምንት ሁለት ሰዓት ልጇን ይዞ ሊያሳርፋት አይችልምን? የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎቻችን አንድ ሕፃን ለመቀበል ቢዘጋጁ፣ በደረጃው ጎን ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ብንሠራ ምን ያህል ወጪ ነው? ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት በገዛ ልጃቸው መነሻነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፣ አንዲት እናት ልጇን ከጓዳ ወደ አደባባይ ስታወጣ ለስንቱ በር እንደምትከፍት አሳይተውናል።

ያ ቤተሰብስ? ሕፃኑ በቀኝ ጎኑ ላይ ሴሬብራል ፓልሲ እንዳለበት ታወቀ። አባትየው “ለካ እኔም የምሠራው ነገር ነበረ” አለኝ። አሁን ልጁ የእግር መደገፊያ አድርጎ እያነከሰ ይሄዳል፤ ይወድቃል፤ ይነሣል። የቀኝ እጁም የአባቱን ጣት ለመያዝ ያህል ይከፈታል። የሚቀመጡትም በሦስተኛው ረድፍ ሆኗል።

ሁሉም ልጅ እንዲህ ይሄዳል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ከልብ የተደከመላቸው፣ ሆኖም ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖሩ ልጆች አሉ። እዚህ ላይ ምሳሌያችን ያበቃል፤ ልጅ እንቁላል አይደለምና። ዶሮ የምትታቀፈው ጫጩት እንዲወጣላት ነው። እኛ ግን ልጃችንን የምንታቀፈው ስለሚሄድልን አይደለም፤ ልጃችን ስለሆነ ነው። ቢሄድም ባይሄድም፣ በገበታው ዙሪያ ቦታው የእርሱ ነው።

እንግዲህ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕፃን ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሡና ምንጣፉን አንጥፉ። እስከ ቀጣዩ ዕትም ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።